ምጣድ የሚባለው የትኛው ነው?

የአንባቢያን የቋንቋ ጥያቄዎች ዓምድ

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ከአዳማ የደረሱን ናቸው። ሁሉም በአንድ የማዕድ ቤት ዕቃ ስም ዙሪያ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚያነሣ መልሱም ሰፋ ብሏል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ሰሞኑን ለቤቴ ምጣድ ልገዛ ወጥቼ አንድ የዕቃ መሸጫ ገባሁና «ምጣድ አላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ ሻጩ ረጅም እጀታ ያለው መጥበሻ አወጣልኝ። የእንጀራውን ነው የፈለግሁት ስለው «እርሱንማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነበረብሽ» አለኝ። የኤሌክትሪኩን ገዝቼ ቤት ስገባ ደግሞ አማቴ «ምጣድ የሸክላው ነው፤ ይህ ማሽን እንጂ ምጣድ አይባልም» አሉኝ። ልጄ በበኩሏ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለምትውል «ኤሌ» ትለዋለች። ለመሆኑ ምጣድ የሚለው ቃል ከየት መጣ? በትክክል የሚሰየምበት ዕቃስ የትኛው ነው? «ጣደ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ድስትና ጀበናም ይጣዳሉና እነርሱስ ለምን ምጣድ አልተባሉም?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ፤ እርሱ ሲፈታ የቀሩት አብረው ይፈታሉና። «ጣደ» ማለት ለማብሰል፣ ለማፍላት ወይም ለመጋገር ሲባል አንድን ዕቃ እሳት ላይ አስቀመጠ ማለት ነው። «ድስቱን ጣደችው»፣ «ጀበናው ተጥዷል»፣ «እስቲ ቡና ጣድ አድርጊ»፣ «ምን ጥደሽ ነው እንዲህ የሚሸተው?» እንላለን። ሴትን ስናዝ «ጣጂ»፣ ስለ ራሳችን ስንናገር ደግሞ «ጥጄ» እና «ጥጃለሁ» ስንል «ደ» የነበረችው ወደ «ጀ» ትለወጣለች፤ ይህም «ወሰደ» ብለን «ውሰጂ» እንደምንለው ያለ፣ በአማርኛ የታወቀ የድምፅ ለውጥ ነው። ግሡ ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ዕቃው ውስጥ ለሚገባውም ያገለግላል፤ «ሽሮ ጣደች» ሲባል ድስቱ ባይጠራም ማንም ይረዳዋል።

ምጣድ ከዚህ ግሥ በፊቱ «ም» ተጨምሮበት የወጣ ስም ነው። ተመሳሳይ አካሄድ ያላቸውን ሁለት ቃላት ብናይ ነገሩ ይጠራል። «ላጨ» ከሚለው «ምላጭ»፣ «አነጠፈ» ከሚለው «ምንጣፍ» ወጥተዋል። ነገር ግን ምላጭ የሚላጩበት መሣሪያ ሲሆን፣ ምንጣፍ ግን ራሱ የሚነጠፈው ነገር ነው። ምጣድ ወደ ምንጣፍ ያደላል፤ ፍቺው «የሚጣድ ነገር» ነው ማለት ነው። የማዕድ ቤታችን ሌሎች ዕቃዎች አብዛኞቹ በሌላ መንገድ ይሰየማሉ፤ መጀመሪያቸው «መ» ወይም «ማ» ሆኖ መጨረሻቸው የሚሠራበትን ነገር በሚያመለክት ድምፅ ይዘጋል። ከ«ጠበሰ» መጥበሻ፣ ከ«ቆላ» መቁያ፣ ከ«አማሰለ» ማማሰያ፣ ከ«ከደነ» መክደኛ፣ ከ«ከተፈ» መክተፊያ ይወጣል። እነዚህን የሰማ ሰው ዕቃውን አይቶት ባያውቅ እንኳ ምን እንደሚሠራበት ከስሙ ብቻ ይገምታል። ምጣድ ግን እሳት ላይ እንደሚቀመጥ እንጂ ምን እንደሚበስልበት ከስሙ ውስጥ አልተነገረም። እርስዎ ያነሡት ግራ መጋባት የሚመነጨውም ከዚሁ ይመስለኛል።

በትውልዱማ ካየነው ድስቱም ጀበናውም «ምጣድ» ቢባሉ የቃሉ ፍቺ አይከለክላቸውም ነበር። ዳሩ ግን አንድ ቃል የተወለደበት ፍቺና በኑሮ ውስጥ ያገኘው ድርሻ አንድ ሆነው አይቀሩም። «መጠጥ» የሚለውን ቃል ይመልከቱ፤ በትውልዱ የሚጠጣ ነገር ሁሉ፣ ውኃም ወተትም፣ መጠጥ ነው፤ ነገር ግን «እገሌ መጠጥ ያበዛል» ሲባል ውኃ የሚታሰበው ሰው የለም። በተመሳሳይ መንገድ ድስትና ጀበና የየራሳቸው ስም ስላላቸው፣ «የሚጣድ» የሚለው የወል ስም እንጀራ ለሚጋገርበት ጠፍጣፋ ዕቃ ተለይቶ ቀርቷል። እንጀራ የዕለት ምግብ በሆነበት ቤት ከሚጣዱት ሁሉ ዋነኛው እርሱ በመሆኑ ስሙ ለእርሱ መዋሉ የሚያስገርም አይደለም።

አሁን ወደ አማትዎ አስተያየት እንምጣ። የቃሉን ታሪክ በተመለከተ እውነት አላቸው፤ ምጣድ ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲጠራ የኖረው ሸክላ ሠሪዎች ከጭቃ ሠርተው የሚተኩሱት፣ በጉልቻ ላይ የሚቀመጠውና በአክንባሎ የሚከደነው ክብ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ስለ ሸክላነቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከምን ተሠራ የሚለውን ሳይሆን ምን ይደረጋል የሚለውን ነው የሚገልጸው። ቡና የሚቆላበትን ዕቃ «ብረት ምጣድ» የምንለውም ለዚህ ነው፤ ሸክላ ባይሆንም ምጣድነቱን ማንም አልተከራከረበትም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ነቢዩ ሕዝቅኤል እንደ ቅጥር እንዲያቆመው የታዘዘው የብረት ምጣድ ነው፤ ታሪኩ በትንቢቱ ምዕራፍ 4 ይገኛል።

ከዚህም ሌላ፣ የገዙት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአገር ውስጥ እንደሚሠሩት አብዛኞቹ ከሆነ፣ የአማትዎ ምጣድ ውስጡ አለ። ክዳኑን አንሥተው የሚያዩት ጥቁር ገጽ ሸክላ ነው። ከዚያ ሸክላ በታች ቦይ ቦይ ተደርጎ በተፈለፈለው መስመር ውስጥ የማሞቂያው ሽቦ ይዞራል፤ ከሥሩ ሙቀቱ ወደ ታች እንዳይባክን የሚይዝ ነገር ይሞላና ዙሪያው በቆርቆሮ ይለበጣል። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ዕቃ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል የሚስበው፣ ሸክላው ሙቀት ለመቀበል የሚዘገይ በመሆኑ ነው፤ በአንጻሩ አንዴ ከጋለ በኋላ ሙቀቱን ስለሚይዝ እንጀራው ዓይን እያወጣ በእኩል ይበስላል። እንግዲህ እሳቱ በሽቦ ተተካ እንጂ ሊጡ የሚዞርበት ገጽ አልተለወጠም። በእኔ እምነት ይህን ዕቃ ምጣድ ማለት ስሕተት ሊባል አይችልም። አማትዎ «የሸክላው ምጣድ» ቢሉ፣ እርስዎ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ቢሉ ቅጽሉ ልዩነቱን ይገልጸዋል፤ ስሙ ግን የሁለቱም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሳያስተውሉት የሚታለፍ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ድስት በየጊዜው አይጣድም፤ በእግሩ ቆሞ ባለበት ይኖርና ይሰካል፣ ይነቀላል። ታዲያ ከ«ጣደ» የተወለደው ዕቃ አሁን የማይጣድ ሆኖ ሳለ፣ በንግግራችን ግን ዛሬም ይጣዳል። ጎረቤቷ ቡና ስትጠራት «ምጣድ ጥጃለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ልምጣ» የምትል ሴት ሶኬት ሰክታም ቢሆን የምትናገረው እንዲሁ ነው፤ እየጋገርኩ ነው፣ ጥዬው መውጣት አልችልም ማለቷ ነው። ከዚሁ ጋር «ምጣዱ ሰማ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ሰማ» እዚህ ላይ ጋለ፣ ሊጥ ለመቀበል ደረሰ ማለት ነው። ከማዕድ ቤት ወጥቶም ግሡ ሌላ ኑሮ አግኝቷል፤ «ልጁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተጥዶ ዋለ» ስንል ከተቀመጠበት ንቅንቅ ሳይል ቆየ ማለታችን ነው። እነዚህን አነጋገሮች ልጆቻችን ቢይዙልን ደስ ይለኛል፤ በጽሑፍ እምብዛም የማይገኙ፣ በእናቶች አንደበት የሚኖሩ ናቸውና።

ሻጩን በሚመለከት ግን ከእርሱ ጋር አልስማማም። እጀታና ከፍ ያለ ከንፈር ኖሮት በዘይት ወይም በቅቤ የሚጠበስበት ዕቃ ጥሩ የአማርኛ ስም አለው፤ መጥበሻ ይባላል። በምጣድ የሚሠሩትን ነገሮች ብንቆጥር እንጀራ፣ ቂጣ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በብረት ምጣዱም ቡና ናቸው። ሁሉም የሚጋገሩ ወይም የሚቆሉ፣ ቅባት ውስጥ ሳይነከሩ በደረቅ ሙቀት የሚበስሉ ናቸው። ዕንቁላል ወይም ሥጋ በቅባት የምትጠብስ ሴት ምጣድ አላት ከማለት መጥበሻ አላት ማለት ይቀላል፤ የሚያደናግርም አይሆንም። ሁለቱን ስሞች በአንድ ስንጨፈልቃቸው የምናጣው ነገር ቀላል አይደለም፤ እርስዎ ገበያ ውስጥ የገጠመዎት አለመግባባት ራሱ ማስረጃ ነው። እርግጥ «ጠበሰ» ዕቃ የማይሻበት ጊዜም አለ፤ የበቆሎ እሸት በፍም ላይ ሲጠበስ መጥበሻም ምጣድም አያስፈልገውም። ምጣድን ከምድጃ ጋር የሚያቀያይጡም አሉ፤ ምድጃ እሳቱ የሚነድበት ቦታ ወይም ዕቃ ሲሆን፣ ምጣድ ግን በምድጃው ላይ የሚቀመጠው ነው።

የልጅዎ «ኤሌ» ስሕተት አይደለም። ኤሌ የአፋን ኦሮሞ ቃል ሲሆን የሚሰይመውም ይህንኑ የመጋገሪያ ዕቃ ነው። ትግርኛ ደግሞ «ሞጎጎ» ይለዋል። ሦስቱ ቃላት በድምፅ እንደማይመሳሰሉ ከማየት ብቻ አንዱ ከሌላው እንዳልተወሰደ መረዳት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሕዝብ በየማዕድ ቤቱ የኖረውን ዕቃ በየራሱ ቋንቋ ሰይሞታል። እንደ አዳማ ባለ፣ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ግቢ በሚነገሩበት ከተማ የሚያድግ ልጅ ሁለቱንም ስም ቢያውቅ ማስተካከያ የሚያሻው ነገር የለውም። በአማርኛ ስትናገር ምጣድ፣ በአፋን ኦሮሞ ስትናገር ኤሌ እንድትል ብቻ ያበረታቷት።

ጥያቄ፦ በከተማችን በሚገኝ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ በድርሰቱ ውስጥ «አጥፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ስላሳዘነኝ ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ብዬ ይቅር አልኩት» ብሎ ጻፈ። የተረቱ አጠቃቀም ትክክል አልመስል ብሎኛል። ሌላው ደግሞ ምጣዱ ነው ወይስ ምጣዷ?

መልስ፦ መምህር፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ተረቱን ለመረዳት የሸክላ ምጣድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰበር ማሰብ ያስፈልጋል። አይጥ ምጣዱ ላይ ወጥታለች። የቤቱ ባለቤት ዱላ አንሥቶ ቢመታት አይጧን ምናልባት ያገኛታል፣ ምናልባትም ይስታታል፤ ምጣዱ ግን በእርግጥ ይሰበራል። ስለዚህ አይጧን ይተዋታል። የተዋት አዝኖላት አይደለም፤ በደሏንም አልረሳም፤ የሚሳሳለት ነገር ከእርሷ ጋር ስላለ ብቻ ነው።

ተማሪዎ ይቅር ያለው ስላሳዘነው ከሆነ በነገሩ ውስጥ ምጣድ የለም፤ አይጧ ብቻ ናት ያለችው። ተረቱ ቦታውን የሚያገኘው ለሦስተኛ ወገን ሲባል ጥፋት በሚታለፍበት ጊዜ ነው። የእህቱ ባል ያስቀየመው ሰው፣ ቢጣላው የእህቱ ትዳር እንዳይናጋ ሰግቶ ቂሙን ውጦ ቢቀመጥ፣ «ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ቢል ያምርበታል። እንዲሁም በአንድ ዕድር ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢጋጩና ተበዳዩ ዕድሩ እንዳይፈርስ ብሎ ክሱን ቢተው፣ ምጣዱ ዕድሩ ነው። ለተማሪዎ «በዚህ ድርሰት ውስጥ ምጣዱ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ቢያቀርቡለት ራሱ የሚያርመው ይመስለኛል። ይህ ጥያቄ ለሌሎችም ተረቶች ይሠራል፤ ተማሪዎች ተረትን ቃል በቃል ሸምድደው በአገባቡ የሚስቱት፣ ተረቱ የቆመበትን ዕቃና ሁኔታ በዓይነ ኅሊናቸው ሳያዩት ስለሚቀሩ ነው። በጠንካራ ብረት መጥበሻ ያደገ ልጅ አይጧን መምታት ምን ጉዳት እንዳለው ላይታየው ይችላል፤ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ቢገለጽለት ግን አይረሳውም።

ምጣዱም ምጣዷም ይባላል። አማርኛ ግዑዝ ነገርን አነስ ወይም ቀረብ አድርጎ ሲጠራ በሴት ጾታ መጥራት የተለመደ ነው። በጽሑፍ ጾታን ማደባለቅ እንጂ አንዱን መምረጥ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ «ጉሮሮ ማሟሻ» የሚባለው ከምጣድ ማሟሸት ጋር ግንኙነት አለው? ባልደረባዬ «ማሟሟቅ ለማለት ተፈልጎ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ ግንኙነት አለው፤ ባልደረባዎ የሚሉት ግን ሌላ ቃል ነው። «ማሟሟቅ» ከ«ሞቀ» የመጣ ሲሆን፣ ስፖርተኛ ከውድድር በፊት ሰውነቱን የሚያደርገው ነው። «ማሟሸት» ግን አዲስ የሸክላ ዕቃን ለአገልግሎት ማዘጋጀት ነው። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ ሊጥ ቢፈስበት እንጀራው ይጣበቃል፤ የሸክላው ቀዳዳ ገና አልተደፈነምና። ስለዚህ ምጣዱ ቀስ በቀስ እንዲግል ይደረግና የተወቀጠ ጎመን ዘር ወይም ሌላ ቅባት ያለው ፍሬ እየተነሰነሰ፣ በጨርቅ እየታሸ፣ እየጨሰ ይቆያል። የፍሬው ዘይት ወደ ሸክላው ውስጥ ገብቶ በሙቀቱ ይደርቃል፤ ገጹ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ይወዛል። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ገጹ ሸክላ እስከሆነ ድረስ መሟሸቱ አይቀርለትም። ጀበናና የሸክላ ድስትም እንደየአገሩ ልማድ ይሟሻሉ።

ከዚህ ተነሥቶ ከዋናው ሥራ በፊት ለዝግጅት የሚደረግ ነገር ሁሉ ማሟሻ ተባለ። ጉሮሮ ማሟሻ የሚባለውም ከንግግር ወይም ከዜማ በፊት የሚቀመስ ትንሽ መጠጥ ነው። «የሰው አፍ ማሟሻ ሆነ» ሲባል ግን ትርጉሙ ይከፋል፤ ወሬ የሚጀምር ሰው ሁሉ ምላሱን የሚያለማምድበት፣ ስሙ በየደረሰበት የሚነሣ ሰው ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም አነጋገሮች የምጣዱን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ናቸው።

ጥያቄ፦ ምጣድ የሚጠረግበት ጨርቅ «ማሰሻ» ነው ወይስ «መሰሻ»? በስልኬ ላይ ድረ ገጽ የምከፍትበት መተግበሪያ «አሳሽ» መባሉስ ከዚህ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ ማሰሻ ነው፤ ግሡ «አሰሰ» ስለሆነ መጀመሪያው «ማ» ይሆናል። መሰሻ ቢባል «ሰሰ» ከሚል ግሥ የወጣ ያስመስለዋል፤ እንደዚያ ያለ ግሥ ግን አናውቅም። የምትጋግር ሴት በየእንጀራው መካከል ምጣዱን ታስሳለች፤ የቀረውን ፍርፋሪ ጠርጋ፣ ገጹን መልሳ ታወዛለች። ማሟሸት አንድ ጊዜ በመነሻው የሚደረግ ሲሆን ማሰስ ግን መጋገር ባለ ቁጥር የሚደጋገም ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚጽፉ ስላሉ ልዩነቱን መጥቀስ አስፈልጓል።

አሳሽም ከዚሁ «አሰሰ» የወጣ ነው። አገር እየዞሩ የሚመረምሩ ተጓዦች «አገር አሳሾች»፣ ሥራቸውም «አሰሳ» ይባል ስለነበር፣ የስልኩ ስያሜ በቀጥታ የመጣው ከዚያ ነው። ምጣድ ማሰስና አገር ማሰስ በመልክ አንድ ግሥ ናቸው፤ በሐሳብም ሁለቱ አንድን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሳያስቀሩ ማዳረስን ስለሚያመለክቱ እንደ ዘመድ ቃላት ቢታዩ ተቃውሞ የለኝም። በጽሑፍ ግን ጨርቁን ማሰሻ፣ መተግበሪያውን አሳሽ እያሉ መለየቱ ይበጃል።